ጥፋቱ የባቡሮቹ ነው

ብሬመን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነጅመዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አንተ፣ ፋዲላ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ ጉልበትህን አልጠዘጠዘህም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ንዴቴም እንደዚሁ።

ስልክ ብደውል ጆሮህ አይሰማም፤ ስለዚህ በወረቀት ልናደድ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ሀውላ የምትባል የጎረቤቴ ልጅ ናት። አብራ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ትሰጥሃለች። ካልሲው ንጹሕ ነው። ውስጡ ያለው ግን ቆሻሻ ነው፤ እጅ የሚያክል የባቡር ራስ ነው፤ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ይሉታል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምድር ቤቴ ውስጥ የድሮውን መስመር ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ በትንንሹ እየሠራሁ እንደሆነ ታውቃለህ። በልጅነታችን ከአጎቶቻችን ቤት ሾልከን ባቡር ልናይ የምንሄድበትን ለገሃርን ከነሰዓቱ አቁሜዋለሁ። አቃቂን ጨርሻለሁ። ሞጆ ጣራ ብቻ ነው የቀራት። የሚሄድበት ባቡር ግን አጣሁ! ይህን አረንጓዴውን ሐዲድ ላይ ሳስቀምጠው አልቀመጥ ይለኛል። የፊት እግሮቹን ሳስገባ የኋላዎቹ ይወጣሉ፤ የኋላዎቹን ስመልስ ባቡሩ በጎኑ ይተኛል። ፉርጎ ልቀጥልበት ስል ማያያዣው ይሸሸኛል። ትናንት አንድ ጠዋት ሙሉ ታግዬው ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም። ድሮ ዕቃ ሲሠራ ሰው ይሠራው ነበር፤ ዛሬ ማን እንደሚሠራው አላህ ይወቀው።

እዚህ ያሉት «አዲስ ግዛ» ከማለት ሌላ አያውቁም። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ሲግናል ሰፈር ባለው ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ ሬዲዮና ካውያ ስትፈታ የኖርክ ሰው ነህ። ባለፈው ስመጣ ያመጣሁልህ ክብ ሐዲድ ከነትራንስፎርመሩ አለ አይደል? እሱ ላይ ሞክረውና ጥፋቱን ፈልገህ ጻፍልኝ። እስኪ አንተ እንኳ አትናቀኝ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ከቤትህ ደጅ ደስታ አያጉድል።

ወንድምህ ጠሀ


የካ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታላቄ ለጠሀ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። እኛ ሁላችን በአላህ ቸርነት ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ወርዶ በበራችን ሥር ገብቶ አብሮን ያድራል። ካልሲህ ደርሷል። ንጹሕ ነው ማለትህን ፋዲላ አላመነችህም፤ አጥባ አስጥታዋለች።

ወደ ባቡሩ ልምጣ። ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶብን አራተኛው ላይ ሲመጣ ሐዲዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። ጠሀ፣ ይህ ባቡር ምንም የለበትም! ገና እጄን ሳነሳለት ሄደ። ዞረ፣ ዞረ፤ ወደ ኋላም አስኬድኩት፤ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈም። ከላይ ያለው ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ፣ ባህር ዛፉ ሥር ያለው መሬት የእርሻው የነበረው ሽማግሌ፣ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይሄ ነው ተበላሸ የሚባለው? የኔ ጉልበት እንደዚህ ቢበላሽልኝ ምን ነበረ!» አለኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ለማንኛውም ብዬ ፈታሁት። የማርሽ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየኋቸው፤ ጭረት እንኳ የለባቸውም። እንግዲህ ወይ ሐዲድህ ጠማማ ነው፣ ወይ መነጽርህ አርጅቷል፣ ወይ ደግሞ እጅህ እንደ ሙሽራ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጥፋቱ የባቡሩ ሳይሆን የሹፌሩ ነው።

አትቆጣ እንግዲህ፤ ካንተ ጋር ካልቀለድኩ ከማን ጋር እቀልዳለሁ? ለልጅህ ለሰሚያ ሰላምታችንን አድርስልን። አላህ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ።

ታናሽህ ነጅመዲን


ብሬመን፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለነጅመዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጎረቤት ሰብስበህ እንደሳቅህብኝ ገብቶኛል። ይህ እጅ ከወጣትነቴ ጀምሮ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ የኖረ እጅ ነው። ከመርከብ ላይ ከቤትህ የሚበልጥ ሳጥን አንስቶ እንደ እንቁላል ያስቀምጥ ነበር። አንድም ቀን ጥሎ አያውቅም። በእጄ የቀለደብኝ ሰው የለም፤ አለቆቼም ቢሆኑ።

ባቡሩን እዚያው አስቀምጠው። ስለ ባቡር ከእንግዲህ አናወራም። ለፋዲላ ሰላምታ።

ጠሀ


የካ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጠሀ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ጾምህን ይቀበልህ፤ ዒድህንም የበረከት ያድርግልህ። በየካቲት ጽፌልህ ነበር፤ በመጋቢትም ሰው አግኝቼ ልኬያለሁ። መልስ የለም። ዒድም መጥቶ አለፈ። ከአገር ከወጣህ ጀምሮ ያንተ ሰላምታ ሳይደርሰን ያለፈ ዒድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፋዲላ ሣህኑን አቅርባ ተቀመጠችና «ጠሀ ዝም አለ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ቤቱ ጭር አለብን። እኔንም ብዙ ቀን ተቆጥታኛለች። ታላቄን ማስቀየሜ ነውር ነው፤ አፉ በለኝ።

ስለ ባቡሩ ደግሞ አንድ የምነግርህ አለኝ። ባለፈው ሳምንት እንደገና ፈታሁት። ጠሀ፣ አፈርኩ። ልክ ነበርክ። ከሞተሩ ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ጥርስ ተሰንጥቃለች። ስንጥቋ ከፀጉር የቀጠነች ሆና ነው በመጀመሪያው ጊዜ ያመለጠችኝ። ሐዲድ ላይ አልቀመጥ ያለህ በሷ ምክንያት ነው። አሁን አጣብቄአታለሁ። ጋሽ ቱሉም መሳቁን ትቷል። እጅህማ የታወቀ እጅ ነው፤ ማን ይጠራጠረዋል?

ሌላ የሚያስቸግርህ ካለ ላክልኝ። ብቻ ዝም አትበለን። ዝምታህ ከብዶናል።

ታናሽህ ነጅመዲን


ብሬመን፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለነጅመዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ኩራቴን አሸንፌ በጊዜ ባለመጻፌ አንተም አፉ በለኝ። ፋዲላ ሣህኑን አቅርባ የተቀመጠችውን ባነበብኩ ጊዜ አለቀስኩ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ደግሞ ከደህናም በላይ ነኝ።

የተሰነጠቀ ጥርስ! አላልኩም? እውነቱን ለመናገር የጥርስ መሰንጠቅ እግሮቹን ከሐዲድ የሚያወጣበት ምክንያት ብዙም አልገባኝም። ግን አንተ ከፍተህ ያየኸውን እኔ ሳላየው ምን እከራከራለሁ? ደብዳቤህን ምድር ቤት ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ሁለት ልኬልሃለሁ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። ቀዩ ጭራሽ አይያዝም፤ ከእጄ እየሾለከ ወድቆ ጭስ ማውጫው ተሰብሯል። የጥቁሩ ብሎኖች ደግሞ ካቻቪቴ አይቀበሉም፤ ጭንቅላታቸውን ሳገኝ ይሸሻሉ። ዘንድሮ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው። ብርጭቆው ያዳልጣል። የሸሚዙ ቁልፍ ከቀዳዳው ይበልጣል። ባለፈው የቤቴን በር ልከፍት ቁልፉ አልገባ ብሎ ዝናብ ሲወርድብኝ ቆሜ ነበር። ማምረቻዎቹ ሁሉ ተስማምተው የሚያሾፉብኝ ይመስለኛል።

የአዋሽ ድልድይ አልቋል። ባቡሮቹን ስትልክልኝ መጀመሪያ የሚሻገረውን አንተ ምረጥ።

ሰሚያ ሃምቡርግ ሥራ በዝቶባት ከመጣች ቆየች። እንግዲህ እኔና ባቡሮቼ ነን። አላህ ቤታችሁን ይባርክ።

ወንድምህ ጠሀ


የካ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠሀ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላፋታ ብሎን የላይኛው መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ሚኒባሶቹ ከታች አራግፈውን እየተንሸራተትን እንወጣለን።

ሁለቱም ባቡሮች ደርሰዋል። እንዳልከው ጥፋት አለባቸው። የቀዩ አክስል ትንሽ ጎብጧል። የጥቁሩ ብሎኖች ጥርሳቸው ተበልቷል። እያስተካከልኳቸው ነው፤ ሰው ሳገኝ እልካቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣ። ፊደልህ መስመሩን እየለቀቀ ወደ ታች ይንሸራተታል። «ነጅመዲን» ብለህ የጻፍከው «ን» ከገጹ ጫፍ ወድቃለች። ዓይንህን ታይተሃል? እጅህንስ አያምህም? ባቡሮቹ ጥፋታቸው የራሳቸው ነው፤ እሱን አላልኩም። ለማንኛውም ያህል ሐኪም ቢያይህ ምን ይጎዳሃል? በኛ ዕድሜ ሰው ያለ ምክንያትም ይታያል።

ጋሽ ቱሉ ቤታችን መምጣት ትቷል። ባንተ ባቡሮች ጉዳይ በቃል ተጋጨን። ዝርዝሩ ይቅር።

ፋዲላ «ብርጭቆው ያዳልጣል» ያልከውን ሳነብላት «ደግመህ አንብብልኝ» አለች። ሰላም ትልሃለች።

ነጅመዲን


ብሬመን፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነጅመዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ፊደሌ ከመስመሩ ቢወጣብህ ብዕሩ ነው። ርካሽ ነው፤ ከእጅ አይስማማም።

ሰሚያ መጥታ ሁለት ቀን ሰንብታ ሄደች። ተጣልተን ነው የሄደችው። ደረጃ ላይ ወድቄ ግንባሬን ተመትቼ ነበር፤ ደረጃው የተወለወለ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እሷ ግን ያንን አይታ «አባዬ፣ ቀኝ እጅህ አይታዘዝህም፤ ነገውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላ ያዘችኝ። ሾርባ ስበላ ስታየኝ ከረመች። ባቡሩን ሐዲድ ላይ ሳስቀምጥ ስታየኝ ከረመች። በመጨረሻ እጇን ይዤ ወደ ምድር ቤት ወሰድኳትና ደብዳቤዎችህን አሳየኋት። «አንብቢ» አልኳት። «አጎትሽ ነጅመዲን ሦስቱንም ፈትቶ አይቶ ጥፋቱ የባቡሮቹ መሆኑን በእጁ ጽፏል። እሱ ምን አግኝቶ ይዋሸኛል?» አነበበች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እንግዲህ አንተ ባትኖር ይህች ልጅ አልጋ ላይ አስተኝታኝ ነበር። አላህ ይስጥህ።

አራተኛ ልኬልሃለሁ፤ ይኸኛው ሰማያዊ ነው፤ ከሁሉም የባሰ። ምኑ እንደተበላሸ ጻፍልኝና ለሷ እልክላታለሁ።

ጠሀ


የካ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠሀ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ያሳምርልህ፤ መውደቅህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ግንባርህ ዳነ?

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሰሚያን አትቆጣት። ልጅ ናት፤ የምትለው ከፍቅር ነው። ለኔ ብለህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለፋዲላ ብለህ ሂድ፤ እሷም እየለመነችህ ነው። ባቡሩ ሌላ፣ ጤና ሌላ ነው።

ስለ ሰማያዊው ... አዎ፣ እሱም ሞተሩ አካባቢ ትንሽ ጉድለት አለበት። ግን ጠሀ፣ ባቡር ቢበላሽም ሰው ሊታመም ይችላል። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን አስብልኝ። እባክህ ሂድ።

ታናሽህ ነጅመዲን


ብሬመን፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነጅመዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ይህን የምትጽፈው ሰሚያ ናት። አማርኛ ያስተማረቻት እናቷ ነፍሷን አላህ ይማራት፤ ዛሬ ጠቀመችኝ። እንደወረደ ጻፊ ብያታለሁ፤ እያለቀሰችም ቢሆን ትጽፋለች።

የጥር ወሩን ደብዳቤህን አንብቤ «ነጅመዲን የሚለምነኝ ሰሚያ ጽፋለት ነው» ብዬ ጠረጠርኩና ተውኩት። በሚያዝያ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቄ መነሳት አቃተኝ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ነው ያወጣኝ። ሐኪም ቤት ጭንቅላቴን በማሽን አዩት። በግራ በኩል እብጠት በቅሏል። ቀኝ እጄን የሚያዘው እዚያ ቦታ ነው አሉኝ። ከፍተው የቻሉትን ያህል አውጥተዋል፤ የቀረውን ልንነካው አንችልም ብለዋል። አሁን ቀኝ እጄ ከአልጋው ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጨዋ ናት። «እጅዎ ከጀመረዎት ምን ያህል ይሆናል?» አለችኝ። «እጄ ምንም አልሆነም፤ ባቡሮቹ ናቸው» አልኳት። ሳቀች፤ የቀለድኩ መሰላት። «ማስረጃ አለኝ» አልኳት። «ወንድሜ አራቱንም ፈትቶ አይቷቸው ጥፋታቸውን ጽፎልኛል።» ሳቋን አቆመች። ቀስ ብላ «ትንሽ ሳለ ብንደርስበት ኖሮ» አለች። ሰሚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ከአራቱ በእውነት የተበላሸው የትኛው ነው? ሰሚያ አትጠይቀው ብላኝ ነበር።

ጠሀ


የካ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠሀ፤

አሰላሙ ዓለይኩም።

አንዱም አልተበላሸም።

የተሰነጠቀ ጥርስ የለም። አክስሉ አልጎበጠም። የጥቁሩ ብሎኖች አዲስ ናቸው። ሰማያዊውን ፈትቼ እንኳ አላየሁትም፤ አንዴ አስኬድኩት፣ ሄደ፣ ከዚያ ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኩት። ዋሽቼሃለሁ ጠሀ። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሜ።

ምክንያቱን ስጽፈው ትንሽ ይሆንብኛል። ተቀየምከኝ። ዒድ ያላንተ አለፈ። ፋዲላ «እሺ በለው፤ ብቻውን ያለ ሰው በምን ይጽናና፤ አንድ ባቡር ተበላሸ ብትል ምን ይጎድልሃል?» አለችኝ። እኔም ታላቄን ሽማግሌ ሆነሃል ከማለት ባቡሩን ማማት ቀለለኝ። ደስ ስላለህ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። «ታዲያ የመጀመሪያውስ?» ብትለኝ ምን እመልስልሃለሁ?

ከጋሽ ቱሉ ጋር የተጋጨነውም በዚሁ ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ሳስኬድ አይቶ «ይሄ ሰው እጁን ታሟል፤ ለምን አትነግረውም?» አለኝ። በቤቴ አታስተምረኝ ብዬ አባረርኩት። ትናንት ሄጄ ደጁ ላይ ቆምኩ። አስገባኝ። ያንተን ነገር ስነግረው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

በጥር የጻፍኩልህ ላይ እንኳ እውነቱን ከመጻፍ ይልቅ ልለምንህ መረጥኩ። ልጅህ እውነቱን ይዛ መጥታ ነበር፤ በኔ ደብዳቤ መለስካት። ይህን ሳስብ ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ፊት እያለሁ ዕንባ ይቀድመኛል። ፋዲላ ከሰማች ጀምሮ ሰላት ላይ ግንባሯን ከምንጣፉ አታነሳም። እሷን አትቀየማት፤ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አፉ በለኝ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። መብት የለኝም። ብቻ ጠይቀኸኝ ነበርና መለስኩልህ።

ነጅመዲን


ብሬመን፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነጅመዲን፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። አሁንም የምትጽፈው ሰሚያ ናት።

እኔም ያልነገርኩህ አለኝ። አረንጓዴውን ለሀውላ ከመስጠቴ በፊት ወደ ገዛሁበት ሱቅ ወስጄው ነበር። ባለሱቁ ሐዲድ ላይ አስቀመጠው፤ ሄደለት። ከዚያ ባቡሩን ትቶ እጄን አየ። «ይህን እጅ ሐኪም አይቶታል?» አለኝ። ተቆጥቼ ሰደብኩትና ወጣሁ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። አንተ «ልክ ነበርክ» ብለህ በጻፍክልኝ ዕለት ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ያ ሰውዬ ውሸታም መሆኑ ነው። እንግዳው እውነቱን ነገረኝ፤ አላመንኩትም። ሥጋዬን አመንኩ።

ስለዚህ ሁሉም ያንተ አይደለም። ግማሹ የኔ ነው፤ መስማት የምፈልገውን እስክትነግረኝ ድረስ አኩርፌህ ነበር። አፉ ብዬሃለሁ። ለፋዲላም ንገራት፤ ግንባሯን ታንሳ። ቅያሜው ግን አልወጣልኝም፤ እንደወጣልኝ አድርጌ ብጽፍልህ ደግሞ እኔም እንደዋሸሁህ ነው።

እዚህ ሁሉም ሰው ይዋሸኛል። ነርሶቹ «ዛሬ አምሮብዎታል» ይላሉ። ሰሚያ «በመስከረም አገር ቤት እንሄዳለን» ትላለች፤ ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ፤ እየጻፈችው ነው። ሐኪሟ «እናያለን» ትላለች። ማንን ልጠይቅ? ፎቶግራፍ ተነስቼ ልኬልሃለሁ። በደንብ እየውና ምን እንደሚታይህ ጻፍልኝ። ካንተ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ጠሀ


የካ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠሀ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እኔ ደህና አይደለሁም።

ፎቶግራፍህን ወደ ደጅ አውጥቼ በቀን ብርሃን አየሁት። ፊትህ በቀኝ በኩል ወደ ታች ወርዷል። ዓይንህ ጎድጉዷል። አንገትህ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። አባታችንን በመጨረሻው ክረምት አስታምሜ ነበር፤ አንተ አልነበርክም፤ ፊቱ እንደዚህ ነበር። ጠሀ፣ የምትድን አይመስለኝም። ሁለታችን ዳግም በዓይናችን የምንተያይ አይመስለኝም። ቪዛ ልጠይቅ ወረቀት ጀምሬያለሁ፤ ግን ቶሎ የሚደርስ አይደለም፤ ይደርሳል ብዬም አላጽናናህም።

ሰሚያን በመስከረሙ ጉዞ አትከራከራት፤ እሷም የምትይዘው ነገር ይኑራት። ግን የምትናዘዘው ካለ አሁኑኑ ንገራት። የት መቀበር እንደምትፈልግ ንገራት። እዚህ ከሆነ መቃብሩን እኔ አስቆፍራለሁ፤ እዚያም ከሆነ ከሰፈሩ ሰው ጋር ዱዓውን እኔ አደርሳለሁ። ጻፍ ብለኸኛልና ጻፍኩት።

ፋዲላ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። «በመጨረሻው እንኳ አይዞህ በለው» ትለኛለች። አልልህም። እወድሃለሁ ነው የምልህ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድም ቀን ተባብለነው አናውቅም፤ እኔ ግን አሁን አልኩህ።

ነጅመዲን